ከጠፉ በኋላ የተመለሱ የአሜሪካ የከተማ ቢራዎችን እንዴት መመርመር፣ መቅመስና በቤት መጥመቅ እንደሚቻል

በባልቲሞር ዳርቻ በምሠራበት ሊከር ስቶር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰባ ዓመት የዘለላቸው አንድ ደንበኛ ከማቀዝቀዣው የናሽናል ቦሂሚያን ጣሳ አውጥተው ቆሙ። ጣሳው ላይ የተሳለውን ባለ አንድ ዓይንና ባለ ሪዝ ሰው፣ የከተማው ነዋሪ «ሚስተር ቦ» የሚለውን፣ ጤዛው ሸፍኖት ስለነበር በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። አባታቸው ከፋብሪካ ሥራ ሲመለሱ ይህንኑ ቢራ ይዘው ይገቡ እንደነበር ካጫወቱኝ በኋላ፣ «ለመሆኑ አሁን የሚጠመቀው የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በየቀኑ የምሸጠውን ቢራ ማን እንደሚጠምቀው አላውቅም ነበርና መልስ አጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቆዩ ቢራዎችን ታሪክ መከታተል ያዝኩ፤ ይህም መመሪያ ለእኚያ ሰው ያልመለስኩትን ጥያቄ ማንም አንባቢ በራሱ እንዲመልስ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። «ያ ቢራ ተመልሷል» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስሙ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ አጠማመቁ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ የሚጠመቅበት ቦታ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አንድ ላይ የተመለሱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰው ግን ጣሳውን ሲያነሣ የሚናፍቀው ሦስቱንም በአንድነት ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡንም ትዝታውንም ከማውጣቱ በፊት የትኛው እንደተመለሰለት የማወቅ መብት አለው።

የጠፉት እንዴት እንደጠፉ

በ1873 በአሜሪካ ከ4,000 በላይ ቢራ ጠማቂዎች ነበሩ። ቢራ በዚያን ጊዜ ሩቅ የማይጓዝ ሸቀጥ ነበርና በአብዛኛው በበርሜል ሆኖ በፈረስ ጋሪ ከፋብሪካው ወደ ቅርብ መጠጥ ቤቶች ይሄድ ነበር፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ውሃ፣ የራሱ ጠማቂ ቤተሰብና የራሱ ጣዕም ነበረው። ከጃንዋሪ 1920 እስከ ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ድረስ በመላ አገሪቱ አልኮል በሕገ መንግሥት ሲከለከል ብዙዎቹ ተዘጉ፤ አንዳንዶቹ በረዶ፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም የብቅል ሽሮፕ እየሸጡ ጊዜውን አለፉት። ክልከላው ከተነሣ በኋላ የተመለሱትን ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ለውጥ ጣላቸው። ማቀዝቀዣ በየቤቱ ገባ፣ ጣሳ የበርሜልን ቦታ ወሰደ፣ ሰፋፊ አውራ ጎዳናዎች ተዘረጉ፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አንድን ስም በአንድ ምሽት ለመላ አገሪቱ ማሰማት ቻለ። አነስተኛው ጠማቂ በዚህ ወጪ መፎካከር ስላልቻለ ወይ ተዘጋ ወይ ለትልቁ ተሸጠ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የቀሩት ቢራ ፋብሪካዎች ከ100 በታች ነበሩ። ፋብሪካው ቢዘጋም ስሙ አይሞትም፤ የንግድ ምልክቱ ንብረት ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል። ዛሬ በመደርደሪያ ላይ ከምናያቸው የቀድሞ ስሞች ብዙዎቹ በፓብስት ኩባንያ እጅ የተከማቹት በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ከተማ፣ አንድ ቢራ ይምረጡ

ጀማሪ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማወቅ ሲሞክር ምንም ሳይጨብጥ ይቀራል። የሚሻለው እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ይጠመቅ የነበረ አንድ ቢራ መርጦ እሱን እስከ ሥሩ መከታተል ነው። ፋብሪካው የቆመበትን ቦታ በእግርዎ ሄደው ማየት፣ የሠሩበትን ሰዎች ልጆች ማነጋገር፣ የከተማውን ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ጋዜጦች ማገላበጥ ይችላሉ።

ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባትን ዋሽንግተን ዲሲን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ክርስቲያን ሃይሪክ በ1842 በጀርመን ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ጠማቂ ነበር፤ ፎጊ ቦተም በሚባለው ሰፈር፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ የከተማውን ትልቁን ቢራ ፋብሪካ አቆመ። በዲሲ መጠጥ የተከለከለው ከቀረው አገር ቀድሞ በኖቬምበር 1917 ስለነበር ፋብሪካው በረዶ እየሸጠ ቆየ፤ ክልከላው ሲነሣ ሴኔት የተባለውን ቢራውን ይዞ ተመለሰ። ሃይሪክ በ1945 ሲሞት ዕድሜው 102 ነበር፤ ፋብሪካው በ1956 ተዘጋ፣ በኋላም ፈረሰ። ዛሬ የኬኔዲ ማዕከል የቆመው በዚያ አካባቢ ነው። በዱፖን ሰርክል አጠገብ ያለው መኖሪያ ቤቱ ግን ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ በ2019 ይኸው ሙዚየም ራይት ፕሮፐር ከተባለ የከተማው ጠማቂ ጋር ሆኖ ሴኔት ቢራን በ1948 ከተጻፈ የላቦራቶሪ ምርመራ ተነሥቶ እንደገና አስጠመቀ። ለጥናት ለሚነሣ ሰው ይህ እጅግ የሚመች ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ አለ፣ ሰነዱ አለ፣ የተጠመቀበትም ቦታ እዚያው ከተማ ነው።

ጣሳን እንደ ሰነድ ማንበብ

የቁንጫ ገበያም ይሁን የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ፣ የቆየ የቢራ ጣሳ የማይገኝበት ቦታ የለም። ሻጩ «የ1930ዎቹ ነው» ቢልዎ በቃሉ ብቻ አይመኑ፤ ዕድሜውን ጣሳው ራሱ ይናገራል።

በመጀመሪያ አናቱን ይመልከቱ። ቢራ በጣሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በጃንዋሪ 1935 ነው፤ ጠማቂው የኒውአርኩ ክሩገር፣ ገበያው ደግሞ የቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ነበረች። ስለዚህ ከዚያ ዓመት በፊት የሚባል የቢራ ጣሳ ካጋጠመዎ ንግግሩ ስህተት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጣሳዎች አናታቸው ጠፍጣፋ ነበርና በሹል መክፈቻ ይበሱ ነበር፤ ሕዝቡ ነገሩን ስላላወቀው የአከፋፈቱ ሥዕል በጎናቸው ታትሞ ይወጣ ነበር። ይህን ሥዕል ካገኙ በእጅዎ ያለው ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። አናቱ ወደ ላይ እየሾጠጠ ሄዶ በጠርሙስ ቆርኪ የሚዘጋው ዓይነትም በዚያው በ1935 ወጥቶ እስከ 1960 ገደማ ቆይቷል፤ አነስተኛ ጠማቂዎች የወደዱት የጠርሙስ መሙያ ማሽናቸውን ሳይቀይሩ ስለሚሠሩበት ነው። ተስቦ የሚነቀል መክፈቻ በ1962 የፒትስበርግ አይረን ሲቲ ቢራ ላይ ተሞከረ፤ ሳይነቀል እዚያው ጣሳው ላይ የሚቀረው ደግሞ በ1975 የሉዊቪል ፎልስ ሲቲ ቢራ ላይ ወጣ። ሁለቱም አዳዲስ ነገሮች የጀመሩት በከተማ ቢራዎች ላይ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲል እወዳለሁ፤ ትናንሾቹ ከትልልቆቹ ኋላ ይከተሉ ነበር የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ከአናቱ ቀጥሎ ጽሑፉን ያንብቡ። «ኢንተርናል ሬቨኒው ታክስ ፔይድ» የሚለው፣ የአገር ውስጥ ግብር ተከፍሎበታል የሚል ትርጉም ያለው መስመር፣ በጣሳም በጠርሙስ መለያ ወረቀትም ላይ እስከ 1950 ድረስ ይጻፍ ነበር። በዓመት በዓመት ከሚለዩት ምልክቶች ሁሉ የማምነው ይህንን ነው፤ መስመሩ ካለ ጣሳው ከ1935 እስከ 1950 ባለው ጊዜ ውስጥ የወጣ ነው፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የጦርነት ዘመን ይቀነሳል፤ ቆርቆሮ ለጦሩ ስለተፈለገ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚሆን ጣሳ ያኔ አይመረትም ነበር። በአድራሻው ላይ ባለ አምስት አኃዝ ዚፕ ኮድ ካለ ከ1963 ወዲህ ነው። የመስመር ኮድ (ባርኮድ) የታተመበት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ለነፍሰ ጡሮችና ለአሽከርካሪዎች የሚሰጠው የመንግሥት ማስጠንቀቂያ ያለበት ጣሳ ደግሞ ከኖቬምበር 1989 በኋላ የወጣ ነውና፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ጥንታዊ ቢመስል ለትዝታ ተብሎ የታተመ አዲስ ጣሳ ነው።

የጎኑን ስፌትም በጣትዎ ይዳስሱ። የቆዩት የብረት ጣሳዎች ከአናት፣ ከታችና ከመካከለኛው ገላ ከሦስት ቁራጭ የተሠሩ ናቸውና በጎናቸው ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ስፌት አላቸው፤ የዛሬው አሉሚኒየም ግን ታቹና ገላው አንድ ወጥ ስለሆነ ስፌት የለውም። ሙሉ ጣሳ ካገኙ አይጠጡት። ለማጽዳትና ለማቆየት ከፈለጉ ሰብሳቢዎች እንደሚያደርጉት ከታች በኩል በስተው ያፍስሱት፤ አናቱና ፊቱ ሳይነካ ይተርፋል፣ ዋጋውም አይቀንስም። ዝገቱን በሽቦ መፋቅ ሥዕሉን ይዞት ይሄዳልና ፈጽሞ አይሞክሩት።

ቆርኪንም ቢሆን አይናቁት። በአፉ ተቆልምሞ የሚዘጋውን ቆርኪ ዊልያም ፔይንተር የፈለሰፈው በ1892 እዚሁ ባልቲሞር ውስጥ ነው። ውስጡ የቡሽ ሽፋን ያለው ቆርኪ ካገኙ በአብዛኛው ከ1960ዎቹ የዘለለ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ፕላስቲክ ተተክቷል።

አሁን የሚጠምቀው ማን እንደሆነ ማጣራት

አሁን ወደ አዲሱ ጣሳ እንመለስ። መጀመሪያ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የአምራች ስምና ከተማ ያንብቡ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ሕጉ አንድ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበትን ከተማ እንዲጽፍ ስለሚፈቅድለት የተጻፈው ከተማና ቢራው የተጠመቀበት ከተማ ሊለያዩ ይችላሉ። የፌዴራሉ የአልኮልና የትምባሆ ግብር ቢሮ ያጸደቃቸው የመለያ ወረቀቶች መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የቢራውን ስም አስገብተው ሲፈልጉ ማመልከቻውን ያቀረበው ጠማቂ ማን እንደሆነ ያገኛሉ። የንግድ ምልክቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ደግሞ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮው መዝገብ ይነግርዎታል። ሦስት ተከታታይ ዓመት ጥቅም ላይ ያልዋለ ምልክት በሕግ እንደተተወ ሊገመት ስለሚችል፣ አዳዲስ ሰዎች የሞቱ ስሞችን አንሥተው የሚያስነሡት ብዙ ጊዜ በዚህ ቀዳዳ ነው።

ከማውቃቸው ውስጥ በደንብ የተሠራው መመለስ የናራጋንሴት ነው። በሮድ አይላንድ ክራንስተን በ1890 የተመሠረተው ይህ ቢራ የኒው ኢንግላንድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ የቦስተን ሬድ ሶክስ ቤዝቦል ቡድን ጨዋታ በራዲዮ ሲተላለፍ «ሃይ ኔበር» በሚል ሰላምታ የሚሰማ ነበር። በ1965 ፎልስታፍ ለተባለ ትልቅ ጠማቂ ተሸጠ፣ ጣዕሙ እየወረደ ሄደ፣ በ1981 የክራንስተኑ ፋብሪካ ተዘጋ። በ2005 ማርክ ሄለንድረንግ የተባለ የሮድ አይላንድ ሰው ስሙን ከፓብስት ገዛ። ያደረገው ነገር በቅደም ተከተሉ ሊጠና ይገባዋል። አስቀድሞ በቀድሞው ፋብሪካ ዋና ጠማቂ የነበረውን ቢል አንደርሰንን አግኝቶ አጠማመቁን አስተካከለ፤ የራሱ ፋብሪካ ስላልነበረው በኒው ዮርክ ሮቸስተር ባለው በጀነሲ ፋብሪካ በኮንትራት አስጠመቀ፤ ይህንንም ሳይደብቅ እየተናገረ ሸጠ፤ በመጨረሻም በ2021 በፕሮቪደንስ የባሕር ዳርቻ የራሱን ጠመቃ ቤት ከፈተ። ስም፣ ጣዕም፣ ቦታ፤ በዚህ ተራ ነው የመጡት፤ ቦታው ለመመለስ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጅቷል።

የሚኒያፖሊሱ ግሬን ቤልት ሌላ መንገድ ሄዷል። በ2002 የገዛው ሼል ሲሆን፣ ከ1860 ጀምሮ በዚያው በሚኒሶታ በኒው ኧልም ከተማ በአንድ ቤተሰብ የተያዘ ጠማቂ ነው። ፋብሪካው የጥንቱ አይደለም፣ ስቴቱ ግን ያው ነው፤ ጠማቂውም ጎረቤቱን ያሳደገ ያህል ይንከባከበዋል። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ለረጅም ጊዜ ጨለማ ሆኖ የቆየው የቢራው ትልቅ የመብራት ምልክት በ2017 እንደገና ሲበራ የከተማው ሰው ወጥቶ አይቶታል።

ናሽናል ቦሂሚያን የስሙ መመለስ እንኳ አያስፈልገውም፤ ስሙ ከመደርደሪያ ወርዶ አያውቅምና። የሄደው ቦታው ነው። በ1996 በሜሪላንድ ይጠመቅበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ ጠመቃው ወደ ሌሎች ስቴቶች ተሻገረ፤ ሚስተር ቦ ግን ብሩወርስ ሂል ከሚባለው የቀድሞ ፋብሪካ አናት ላይ ሆኖ በኒዮን መብራት ከተማውን ያያል። ለእኚያ አዛውንት ዛሬ ቢመጡ የምመልስላቸው ይህን ነው።

የሽሊትዝ ነገር ደግሞ ለሌሎቹ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ ጊዜ የአሜሪካ ቀዳሚ የነበረው ይህ የሚልዋኪ ቢራ በ1970ዎቹ ወጪ ለመቀነስ ሲል የመብላላቱን ጊዜ አሳጠረ፣ ቅመሙንም ቀያየረ፤ በ1976 ደግሞ ቢራው እንዳይደፈርስ የተጨመረው ነገር አረፋውን ለማቆየት ከተጨመረው ጋር ተቃርኖ በጣሳው ውስጥ ንፍጥ የሚመስል ነገር ፈጠረ። ኩባንያው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጣሳዎችና ጠርሙሶች ሰብስቦ አስወገደ፤ ደንበኛው ግን አልተመለሰም፤ የሚልዋኪው ፋብሪካ በ1981 ተዘጋ። በ2008 ፓብስት የ1960ዎቹን አጠማመቅ ለመመለስ ሲነሣ የተሟላ ጽሑፍ ስላላገኘ የቀድሞ ጠማቂዎችን እያፈላለገ ጠየቀ። ከዚህ የምንማረው ጥያቄ አለ፦ «የድሮው ቢራ» ሲባል የየትኛው ዓመት? የ1975ቱ ሽሊትዝም የድሮ ነው፤ ማንም ግን አይናፍቀውም። ዓመቱን በግልጽ የማይናገር መመለስ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ሲቀምሱ

ትዝታ ምላስን ያታልላል፤ ይህን የምለው ትዝታን ለማሳነስ ሳይሆን ሁለቱ እንዲከባበሩ ነው። ቢራውን ከመቅመስዎ በፊት ጣሳው ላይ ያለውን ቀን ያረጋግጡ፤ ቀለል ያለ ላገር (በቅዝቃዜ ተብላልቶ ለሳምንታት የሚቀመጥ የቢራ ዓይነት) ከተሞላ ከጥቂት ወራት በኋላ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ማምጣት ይጀምራል። በጠራ ወይም በአረንጓዴ ጠርሙስ ከሆነ ፀሐይና መብራት ያልነካውን ይምረጡ፤ ብርሃን የመታው ቢራ መጥፎ ጠረን ያመጣል። ከዚያ ሌላ ሰው ሦስት ብርጭቆ እንዲቀዳልዎ ያድርጉ፤ በሁለቱ አንድ ዓይነት፣ በሦስተኛው ሌላ ዓይነት ቢራ፣ የትኛው የት እንዳለ ለእርስዎ ሳይነገር። የተመለሰውን ቢራ በዚያው ዋጋ ከሚሸጥ ተራ ላገር ጋር ያወዳድሩ። የተለየውን ብርጭቆ በሦስት ዙር ሦስቴም ካገኙት በቢራው ውስጥ እውነተኛ ልዩነት አለ። ብርጭቆዎቹ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁኑ፤ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ቢራ የተለያየውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል።

ከክልከላው በፊት የነበረውን ላገር በቤት መጥመቅ

እስካሁን ያልነው የሌላ ሰው ሥራ ምርመራ ነው። የ1910 ሰው ይጠጣው የነበረውን መረዳት ለሚፈልግ ግን ከመጥመቅ የተሻለ መንገድ የለም፤ ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ ሰው ደግሞ ነገሩ ባዕድ አይደለም። በአሜሪካ በቤት ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ የተፈቀደው በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው፤ አንድ አዋቂ ብቻ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት 200 ጋሎን ይፈቀዳል፣ መሸጥ ግን አይፈቀድም።

ስለ በቆሎው አስቀድሜ ልናገር። በቆሎና ሩዝ ለማርከስ የተጨመሩ ናቸው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ በታሪክ ግን እንደዚያ አልጀመረም። በአሜሪካ በብዛት ይበቅል የነበረው ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ፕሮቲኑ ብዙ ስለሆነ ቢራውን ያደፈርሰዋል፤ ጀርመናውያኑ ጠማቂዎች ከአገራቸው የለመዱትን የጠራ ላገር ለማግኘት ፕሮቲኑ አነስተኛ የሆነውን በቆሎ ቀላቀሉበት። የዚያ ገብስ ብቅል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኃይሉ ከፍተኛ ስለሆነ የራሱን አልፎ የበቆሎውንም ይለውጣል። ይህ የስደተኞች ብልሃት ነው፤ አዲስ አገር የሰጠቻቸውን እህል ይዘው የለመዱትን መጠጥ ሠሩ። እኛም በዚህ አገር እንጀራን በተገኘው ዱቄት ስንጋግር ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ለ19 ሊትር፣ ማለትም ለ5 ጋሎን፣ 3.5 ኪሎ የባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ብቅልና 1 ኪሎ በእንፋሎት ተዳምጦ የተዘጋጀ በቆሎ ያስፈልጋል። ብቅሉ በቅርብ ካልተገኘ የባለ ሁለት ረድፉ ይሆናል። ለምሬቱ ክለስተር የተባለውን ሆፕስ ይግዙ፤ የዚያ ዘመን የአሜሪካ ዋነኛ ሆፕስ እሱ ነበር። ሆፕስ በቢራ ውስጥ የሚሠራው ጌሾ በጠላ ውስጥ የሚሠራውን ነው፤ ያመራል፣ እንዳይበላሽም ይጠብቃል። ውሃዎ የክሎሪን ጠረን ካለው በካርቦን ማጣሪያ ያሳልፉት።

13.5 ሊትር ውሃ እስከ 72 ዲግሪ ያሙቁና የተከካውን ብቅልና በቆሎውን ቀስ እያሉ እያማሰሉ ይጨምሩበት፤ ድፍድፉ 66 ዲግሪ ላይ ይረጋል። ሸፍነው አንድ ሰዓት ያቆዩት። ቴርሞሜትር የግድ ነው፤ እናቶቻችን በእጃቸው መዳሰስ ብቻ የሚያውቁት ሙቀት ለጠላ ይበቃል፣ እዚህ ግን ሦስት ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ ቢራውን ከባድ ወይም ውሃ ያደርገዋል። ከዚያ ጭማቂውን አጥልለው፣ በቀረው አተላ ላይ 76 ዲግሪ የሞቀ 17 ሊትር ውሃ በዝግታ እያፈሰሱ ያጥቡት፤ በድምሩ 26 ሊትር ያህል ይሰበስባሉ።

ይህን ሳይከድኑ 90 ደቂቃ ያፍሉት። መክደን አይገባም፤ የተቀቀለ በቆሎ የሚመስል ጠረን የሚያመጣው ንጥረ ነገር ከእንፋሎቱ ጋር መውጣት አለበት። ሊያበቃ 60 ደቂቃ ሲቀረው 30 ግራም፣ 15 ደቂቃ ሲቀረው 15 ግራም ሆፕስ ይጨምሩ። ምሬቱን የሚሰጠው የሆፕሱ የአልፋ አሲድ መጠን 7 በመቶ ከሆነ፣ ምሬቱ በቢራ ምሬት መለኪያ 30 አይ ቢ ዩ ገደማ ይሆናል። ይህ ዛሬ በየመደብሩ ከሚሸጠው ቀላል ላገር ብዙ እጥፍ ይመራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰ ሰው የሚደነቀውም በዚህ ነው። ከ1933 በኋላ የአሜሪካ ላገር በየአሥር ዓመቱ ምሬቱ እየቀነሰ መጥቷልና፣ የ1960ዎቹን ቢራ የሚናፍቅ ሰው የሚናፍቀው ከአያቱ ቢራ አስቀድሞ የቀለለውን ነው።

ከዚህ በኋላ ቢራውን የሚነካ ዕቃ ሁሉ በማምከኛ የታጠበ መሆን አለበት። ጋኑን በወይራ ማጠን ለጠላ ጢሱን ከነሽታው ይሰጠዋል፣ ጉድለቱንም ይሸፍንለታል፤ ላገር ግን የሚሸሸግበት ነገር የለውም። ፈሳሹን ፈጥነው እስከ 11 ዲግሪ ያቀዝቅዙት፤ በሃይድሮሜትር (በፈሳሹ ውስጥ የሟሟውን ስኳር በሚለካው መሣሪያ) ሲለኩት 1.050 አካባቢ ያገኛሉ። እያንዳንዳቸው 11.5 ግራም የሆኑ ሁለት ፓኬት ደረቅ የላገር እርሾ ይጨምሩና ሙቀቱ በ11 እና በ12 ዲግሪ መካከል በሚጠበቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት። አሮጌ ፍሪጅ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር ለዚህ በቂ ነው።

ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ልኬቱ 1.016 ሲደርስ ሙቀቱን ወደ 17 ዲግሪ ከፍ አድርገው ሦስት ቀን ያቆዩት። በመጀመሪያው ጠመቃዬ ይህ ትንሽ ነገር መስሎኝ ዘልዬው ነበርና 19 ሊትሩ በሙሉ የቅቤ ጠረን ይዞ ቀረ፤ እርሾው ራሱ የፈጠረውን፣ ያን ጠረን የሚያመጣውን ዳይአሲቲል መልሶ የሚበላው በእነዚህ ሦስት ቀናት ነው። ልኬቱ 1.011 አካባቢ ሲቆም በቀን አንድ ሁለት ዲግሪ እየቀነሱ እስከ 1 ዲግሪ ያውርዱትና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይነካ ይቀመጥ። ላገር የሚለው ቃል ራሱ ከጀርመንኛ የመጣ ሲሆን ማስቀመጥ፣ ማከማቸት ማለት ነው፤ ሽሊትዝን የጣለው ጊዜ መቆጠብ እንደነበር እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል።

ጠርሙስ ውስጥ ሲሞሉ 120 ግራም የበቆሎ ስኳር በጥቂት ውሃ አፍልተው ይቀላቅሉ፣ ረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ስለቆየም ጥቂት እርሾ ይጨምሩ፤ ጠርሙሱ ቡናማ ይሁን። ቆርኪውን ዘግተው በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ካቆዩት በኋላ ወደ ማቀዝቀዣ ያስገቡት። የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ ገደማ ይሆናል። በየጠርሙሱ ላይ የተጠመቀበትን ቀን፣ የብቅሉንና የሆፕሱን ዓይነት ጽፈው ይለጥፉ፤ የሽሊትዝ ሰዎች አጥተው የፈለጉት ወረቀት ይህ ነው። ሲደርስ አንዱን ከፍተው፣ ከከተማዎ ከተመለሰው ቢራ አጠገብ በተመሳሳይ ብርጭቆ ቀድተው፣ የሦስቱን ብርጭቆ ፈተና ይድገሙት፤ በዚያ ቢራ ያደገ ሽማግሌ በጎረቤትዎ ካለ ሁለተኛውን ጠርሙስ ለእሳቸው ያድርሱና የሚሉትን ከቀኑ ጋር ይጻፉ።